እኩል ገብቶ እኩል የማይለምድ ቤተሰብ፦ ለስደተኛ ወላጆች የመጀመሪያ ዓመታት መመሪያ

አንድ ስደተኛ ቤተሰብ አዲስ አገር ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ በር ይገባል፤ አገሩን የሚለምደው ግን እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ ነው። ትንሹ ልጅ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከእኩዮቹ ጋር በአዲሱ ቋንቋ ይጣላል፣ ይታረቃል። ታላቅ እኅቱ ቋንቋው እየገባት ለመናገር ታፍራለች። አባት ሙያውን የሚያውቅለት በሌለበት ቦታ ሥራ ይፈልጋል፤ እናት ሕፃን ይዛ ቤት ስለምትውል ከሰው ጋር አትገናኝም፤ አያት ደግሞ ብቻቸውን ከደጅ መውጣት ይፈራሉ። ቤተሰብን የሚያናጋው የአገሩ እንግድነት ብቻ ሳይሆን ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ቀድሞ የለመደው ሰው ሳይወድ በግዱ የሌሎቹ አፍና ጆሮ ይሆናል፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ወረቀት፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሥራና ስለ ሐዘን የተጻፈው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ወላጁ ወላጅነቱን ሳያጣ፣ ልጁም ልጅነቱን ሳይቀማ ቤተሰቡ እንዴት አብሮ ይቆማል?

ወረቀቱን ወላጅ ይያዝ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሕጋዊ አቋም ነው። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ፣ ስደተኛነቱ በውሳኔ የታወቀለት፣ እንዲሁም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ጥበቃ የተሰጠው ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ቢኖሩም የመሥራት፣ የመጓዝና ዘመድ የማስመጣት መብታቸው ይለያያል። «ወረቀት አግኝተናል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የወረቀቱን ትክክለኛ ስም፣ የሚያበቃበትን ቀንና ማደስ የሚጀመርበትን ጊዜ በራስዎ እጅ፣ በሚያነቡት ቋንቋ ጽፈው ያስቀምጡ።

የመብቶቹ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቫ የጸደቀው የስደተኞች ኮንቬንሽንና የጊዜ ገደቡን ያነሣለት የ1967ቱ ፕሮቶኮል ነው። በኮንቬንሽኑ አንቀጽ 33 መሠረት ማንም ስደተኛ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ በግድ አይመለስም። አንቀጽ 22 በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ስደተኛውን ከአገሬው ዜጋ ጋር እኩል ያደርገዋል፤ አንቀጽ 27 ስለ መታወቂያ፣ አንቀጽ 28 ደግሞ ስለ ስደተኛ የጉዞ ሰነድ ይደነግጋሉ። ብዙም የማይነሣው፣ ነገር ግን በተግባር እጅግ የሚጠቅመው አንቀጽ 25 ነው፤ ስደተኛው ከሸሸው መንግሥት የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃ ማምጣት ስለማይችል፣ የተቀበለው አገር ባለሥልጣናት ተመጣጣኝ ሰነድ እንዲያገኝ እንዲረዱት ያዛል። «ከአገርህ አምጣ» የሚል መልስ ሲሰጥዎ፣ ለምን ማምጣት እንደማይችሉ በጽሑፍ አስረድተው በምትኩ ምን ማቅረብ እንደሚችሉ ይጠይቁ።

ስምና የልደት ቀን የሚበላሹት በመጀመሪያው ምዝገባ ላይ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲመዘገብ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይገኛሉ፤ የአንድ ፊደል ልዩነት በሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ሰው ይፈጥራል። የአገራቸው የዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው የሚለይ ቤተሰቦች ቀኑ ሲለወጥ በዓመታት ሊሳሳትባቸው ይችላል፤ ትክክለኛ ቀኑ ያልታወቀ ሰው ደግሞ በብዙ ቦታ ጃንዋሪ 1 እንደተወለደ ተደርጎ ይመዘገባል። የልጅ ዕድሜ በሁለት ዓመት ሲጨምር ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የሚገባበትን የትምህርት ክፍል ይለውጣል፣ 18 ዓመት የሚሞላበትንም ቀን ያቀርባል። ስህተት ካዩ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ እንዲታረም ያመልክቱ። ሰነዱ ለሦስትና ለአራት መሥሪያ ቤቶች ከተሰራጨ በኋላ ማረም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የወረቀት አቃፊ ያዘጋጁ። የሁሉንም ሰነድ ፎቶ አንስተው ስልክ ቢጠፋ እንኳ በማይጠፋበት ቦታ ያስቀምጡ። ደብዳቤ ሲደርስዎ ፖስታውን አብረው ያስቀምጡ እንጂ አይጣሉት፤ ይግባኝ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ስለሆነ፣ በፖስታው ላይ ያለው ማኅተም አንድ ቀን ማስረጃ ሊሆንልዎ ይችላል። ቤት ሲቀይሩ አዲሱን አድራሻ ጉዳይዎን ለያዘው ክፍል በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በብዙ አገሮች ወደ አሮጌው አድራሻ የተላከ ደብዳቤ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ «አላየሁትም» ማለትም ያለፈውን ቀን አይመልስም።

ሁለት ጉዳዮች ላይ ግን ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያማክሩ አንድ እርምጃ አይሂዱ። የመጀመሪያው ከሸሹት አገር መንግሥት ጋር የሚደረግ ግንኙነት ነው፤ በኮንቬንሽኑ አንቀጽ 1(ሐ) መሠረት በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ የተመለሰ ሰው ስደተኛነቱ ሊቀርበት ስለሚችል፣ ለኤምባሲ ፓስፖርት ማመልከት ወይም ለዘመድ ሐዘን ብሎ ወደ አገር መሄድ ከባድ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው የቀሩትን የቤተሰብ አባላት ማስመጣት ነው። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ የትዳር ጓደኛን፣ ልጆችን ሁሉ፣ የጠፉትንም፣ በማደጎ የሚያሳድጓቸውንም ሳይደብቁ ይጥቀሱ፤ ያኔ ያልተጠቀሰ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲነሣ ጥርጣሬ ያስከትላል። የጊዜ ገደብ ያለ መሆኑንም ያጣሩ፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2003ቱ መመሪያ፣ ስደተኛነት ከታወቀ በ3 ወር ውስጥ ማመልከቻ ካልቀረበ አባል አገሮች ተጨማሪ መስፈርት እንዲጠይቁ ይፈቅዳል፤ በአሜሪካ ደግሞ ለትዳር ጓደኛና ለልጆች የሚቀርበው ማመልከቻ በመርሕ ደረጃ የ2 ዓመት ገደብ አለው። የት እንዳሉ ለማይታወቁ ዘመዶች የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት በነጻ የሚሰጡት የማፈላለግ አገልግሎት አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል «ኬዛችሁን አፋጥናለሁ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር) ለሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ ክፍያ አይጠይቅም፤ ወደ ሦስተኛ አገር፣ ማለትም ከሸሹበትም ከተጠለሉበትም ወደ ሌላ አገር፣ አሰፍራችኋለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው፣ ቋንቋዎን ቢናገርም፣ አጭበርባሪ ነው።

ልጅ አስተርጓሚ አይሁን

ይህ በእኔ ግምት ከሁሉ ቀላል የሚመስል፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ቤት የሚያፈርስ ጉዳይ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እናቱን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ ስለ ማኅፀን ሕመም ሲያስተረጉም፣ እናት ግማሹን ትደብቃለች፣ ልጅም ያልገባውን ግማሽ ራሱ ይሞላዋል። ከዚያም በላይ ልጁ ሊሰማው የማይገባውን ፍርሃት ተሸክሞ ወደ ቤት ይመለሳል። የቤት ኪራይ ማስጠንቀቂያ ያነበበ ልጅ ሌሊት አይተኛም፤ ከትምህርት ቤት የመጣውን የቅሬታ ደብዳቤ ራሱ የሚተረጉም ልጅ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚተረጉም ለመገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት፣ ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅና ለትምህርት ቤት ስብሰባ በቀጠሮው ዕለት ሳይሆን ቀጠሮው በሚያዝበት ጊዜ አስተርጓሚ እንዲመደብ ይጠይቁ። የሚናገሩትን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ዘዬውንም ይጥቀሱ፤ ሴት ወይም ወንድ አስተርጓሚ የሚሹ ከሆነ ይህንንም ከወዲሁ ይናገሩ። አስተርጓሚው የሚያውቅዎ ሰው ከሆነ፣ ወይም ከሸሹት ወገን ነው ብለው ከፈሩ፣ እንዲቀየር መጠየቅ ነውር አይደለም። አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገሩና ቆም ይበሉ፤ ሲናገሩ የሚያዩት አስተርጓሚውን ሳይሆን ጉዳይዎን የሚሰማውን ሰው ይሁን። አስተርጓሚ ጠበቃ አይደለም፤ «እንዲህ ብትል ይሻልሃል» ካለዎት አይስሙት። ከትሕትና የተነሣ ሳይገባን «ገባኝ» የማለት ልማድ ብዙዎቻችን አለን፤ እዚህ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የሰጡት ቃል ከመፈረምዎ በፊት በቋንቋዎ ተመልሶ እንዲነበብልዎ ይጠይቁ፤ የተሳሳተ ቀን ወይም የቦታ ስም ካለም እዚያው ያሳርሙ።

ልጁ ፈጽሞ አያግዝ ማለት አይደለም። የአውቶቡስ ቁጥር መጠየቅ፣ በገበያ አንድ ዕቃ ምን እንደሚባል መንገር ልጁንም ያኮራዋል። ድንበሩ የሚሠመረው በገንዘብ፣ በጤና፣ በሕግና በወላጆች መካከል ባለ ጉዳይ ላይ ነው። የባንክ የምሥጢር ቁጥርና የመሥሪያ ቤት የኢሜይል ሳጥን በልጅ ስልክ ላይ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ድንበሩ አስቀድሞ ተጥሷል። አባት በቀስታ፣ አሥር ጊዜ እየተሳሳተም ቢሆን ራሱ ይክፈተው።

ትምህርት ቤት፣ ቋንቋና ቅጣት

ልጆች ቋንቋ ቶሎ ይይዛሉ የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ተመራማሪ ጂም ከሚንስ የጨዋታና የዕለት ተዕለት ንግግር ቋንቋን ከትምህርት ቋንቋ ለይተው አሳይተዋል፤ ልጅ የመጀመሪያውን በ2 ዓመት ገደማ ሲይዝ፣ ሳይንስና ታሪክ በሚጻፍበት ቋንቋ ከአገሬው ልጆች ጋር ለመስተካከል ግን በአማካይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። በሁለተኛው ዓመት «አፉን ፈትቷል» ተብሎ የቋንቋ ድጋፍ የሚቋረጥበት ልጅ በአራተኛው ዓመት ውጤቱ ሲወድቅ ሰነፍ ይባላል፤ ወላጅም መምህርም ይቆጡታል። ድጋፉ እንዲቀጥል ይከራከሩ። በቤት ውስጥ ደግሞ በሚገባ በሚያውቁት ቋንቋ ይናገሩ፤ ልጁን በተሰባበረ አዲስ ቋንቋ ማሳደግ አይረዳውም፤ ያደርግ የነበረውን ጥልቅ ወሬና ተረት ግን ያሳጣዋል። ልጁ በአዲሱ ቋንቋ ቢመልስም እርስዎ በራስዎ ቋንቋ ይቀጥሉ።

የክትባት ካርድ የጠፋበት ልጅ በብዙ አገሮች እንዳልተከተበ ተቆጥሮ እንደ አዲስ ይከተባል፤ ክትባቱ ቢደገምም በአብዛኛው ጉዳት ስለሌለው ለዚህ ብሎ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ስለ ቅጣት ግን በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ልጅን በአካል መቅጣትን በማናቸውም ሁኔታ በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች፤ ዛሬ ከ60 በላይ አገሮች በቤት ውስጥም ጭምር ከልክለዋል፤ ባልከለከሉትም ዘንድ መምህርና ሐኪም በልጅ ገላ ላይ ምልክት ካዩ የማሳወቅ ግዴታ ያለባቸው ብዙ ናቸው። ልጆች ይህን ከወላጆቻቸው ቀድመው ይሰማሉ፤ በንዴት ጊዜም «ለፖሊስ እደውላለሁ» የሚሉ አሉ። አባት በዚህ ጊዜ የሚሰማው ውርደት ከባድ ነው፤ ብዙዎችም ከፍርሃት የተነሣ ልጁን ፈጽሞ መምከርና መከልከል ይተዋሉ፤ ይህ ደግሞ ከሁለቱ የባሰ ስህተት ነው። ሕጉ የከለከለው መምታትን እንጂ ሥርዓት ማስያዝን አይደለም። ወደ ቤት የመመለሻ ሰዓት መወሰን፣ ስልክ ለተወሰነ ጊዜ መከልከል፣ ያጠፋውን እንዲያስተካክል ማድረግ በሁሉም ዘንድ የተፈቀደ ነው። የሕጉን ትክክለኛ ይዘት ከልጅዎ አንደበት ሳይሆን ከማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ከትምህርት ቤቱ አማካሪ በአስተርጓሚ ይስሙ። ከዚያም ልጆቹን ሰብስበው እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። ደንቡ ከወላጅ አፍ ሲወጣ ሥልጣኑም ከወላጅ ጋር ይቀራል።

ሥራና የቋንቋ ትምህርት

በመጀመሪያው ዓመት ከባዱ ምርጫ ያገኙትን ሥራ ወዲያው መያዝ ወይስ ቋንቋ መማር የሚለው ነው። ዕዳ ያለበትና ገንዘብ የሚጠብቁት ዘመዶች ያሉት ሰው ሥራውን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ንግግር በማይጠይቅ ሥራ ላይ ሌሊት ሌሊት የሠራ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላም ቋንቋው እዚያው እንደቆመ ይገኛል። ከተቻለ ሰዓቱ አጠር ያለ ሥራ ይዞ ትምህርቱን በጎን መቀጠል ይሻላል። የሚረሳውን ጉዳይ ልጨምር፦ ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ መማር ካልቻሉ ብዙ ጊዜ እናት ትቀራለች፤ «ሕፃኑ ሲያድግ» ይባላል፤ ሕፃኑ ሲያድግ ግን የነጻው ትምህርት ጊዜ አልፎ ይገኛል። የሕፃናት ማቆያ ያለው የቋንቋ ክፍል መኖሩን ይጠይቁ፤ ከሌለ በየተራ፣ አንዱ ጠዋት ሌላው ማታ ይማሩ።

ሙያ ያለው ሰው የትምህርት ማስረጃውን በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሞ እውቅና ለሚሰጠው አካል ያቅርብ። ማስረጃው በስደት የጠፋበት ሰውም መንገድ አለው፤ የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ለስደተኞች የብቃት ፓስፖርት የጀመረ ሲሆን፣ ሰነድ የሌላቸውን ሰዎች በቃለ መጠይቅ ገምግሞ ለ5 ዓመት የሚያገለግል ማስረጃ ይሰጣል፤ ዩኔስኮም ተመሳሳይ ሥራ ጀምሯል። ይህ ማስረጃ ዲግሪን አይተካም፤ በዩኒቨርሲቲ ወይም በአሠሪ ፊት የመነሻ ቃል ይሆናል እንጂ።

በሌላ ሰው ስምና ወረቀት አይሥሩ፤ ደመወዝ ሲከለከሉ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም፣ የመኖሪያ ፈቃድዎም አደጋ ላይ ይወድቃል። የሥራም ሆነ የቤት ኪራይ ውል ሳይነበብልዎ አይፈርሙ፤ ቤቱን ሲረከቡ ግድግዳውንና ወለሉን ፎቶ ያንሱ፤ ለዋስትና ለሰጡትም ገንዘብ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ሐዋላን በተመለከተ፣ ባልና ሚስት ተስማምተው በወር የሚላከውን መጠን አስቀድመው ይወስኑና ለዘመዶች በግልጽ ይንገሩ። የሚላከው ገንዘብ እየተደበቀ ሲሄድ በቤት ውስጥ ጠብ፣ በአገር ቤት ደግሞ የማያልቅ ተስፋ ይፈጥራል። የሕፃኑን የክረምት ጫማ ትቶ መላክ ደግነት ቢመስልም የሚከፍለው ልጁ ነው።

ሐዘኑ ሲመጣ

አንትሮፖሎጂስቱ ካለርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ጽሑፍ ሰው በባዕድ አገር የሚያልፍበትን ደረጃ ሲገልጹ በመደነቅ እንደሚጀምር፣ ከዚያም ብስጭት እንደሚከተል፣ ቀስ በቀስም እንደሚለመድ አስረድተዋል። እርሳቸው ይበልጥ ያሰቡት ወደው ለሥራ የሄዱ ሰዎችን ነው። ስደተኛ ወዶ አልሄደም፤ ለብዙዎች የመደነቁ ወራት ጨርሶ አይመጣም፤ ለሌሎች ደግሞ ሐዘኑ የሚመጣው በችግሩ መካከል ሳይሆን ወረቀቱ ተገኝቶ፣ ቤቱ ተከራይቶ፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ሲባል ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ባልና ሚስት እርስ በርስ «አሁን ምን ጎደለህ?» እየተባባሉ እንዳይካሰሱ ይረዳል።

አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምረው ያጠኑት አንድ የሐዘን ዓይነት አለ፤ ሰውየው ይሙት ይኑር ሳይታወቅ፣ ቀብር ሳይኖር፣ ማልቀሻ ቀን ሳይኖር የሚቆይ ሐዘን ነው። የጠፋ ወንድም ወይም እስር ቤት የቀረ አባት ያለው ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ሐዘን እንዲያልቅ አይጠበቅም፤ ይሁን እንጂ ስለ ጠፋው ሰው በቤት ውስጥ በስሙ መነጋገር ይቻላል፤ ልጆች ከዝምታው ይልቅ ንግግሩን ይችላሉ። ቅዠት፣ ድንጋጤ፣ እንቅልፍ ማጣትና ያለፈው ነገር ሳይጠሩት በዓይን ላይ መመላለስ ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለና ሥራን ወይም ትምህርትን ካሰናከለ ለሐኪም መንገር ይገባል። ሐኪም በጥገኝነቱ ጉዳይ ላይ ውሳኔ አይሰጥም፤ እንዲያውም ጉዳቱን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ለጉዳዩ ሊጠቅም ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከአገር ቤት የሚመጣ የጦርነት ቪዲዮ የሚታይበት ስልክ በልጆች ፊት አይከፈት፤ ዜናውን ለመከታተል በቀን አንድ የተወሰነ ሰዓት ይበቃል።

ከሁሉ ኋላ የሚለምዱት አዛውንቶች ናቸው፤ የሚረሱትም እነርሱ ናቸው። ልጅና የልጅ ልጅ ሲወጡ እርሳቸው መስኮት ላይ ይውላሉ፤ ቤተሰቡም የሚረዳቸው እየመሰለው ምንም ሥራ አያስነካቸውም። በመጀመሪያው ወር አንድ መንገድ ብቻ ይምረጡላቸው፤ ለምሳሌ ከቤት እስከ መድኃኒት ቤት። ለሦስትና ለአራት ቀን አብረው ይሂዱ፤ ከዚያ ከኋላ ሆነው ይከተሏቸው፤ ከዚያ ብቻቸውን ይላኳቸው። በኪሳቸውም የቤቱ አድራሻና የሚደወልበት ቁጥር በአገሩ ቋንቋ፣ በሌላው ገጽ ደግሞ እርሳቸው በሚያነቡት ፊደል የተጻፈበት ጠንካራ ወረቀት ይኑር።